በግራ ዓይኔ የማያት ሴት

ከሰው የሰማሁት አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። የሐኪሙ ወረቀት አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ግንቦት ሊያልቅ ሲል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል።

ቦታው ደባርቅ ነው። ከአንድ የሴቶች ጸጉር ቤት ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል።

ውጭ ፀሐይ ነው። ባጃጅ ያልፋል፣ ሰው ይስቃል...

እንዲህ ያለ ነገር በጠራራ ፀሐይ ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እስከዳር እባላለሁ። ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በስምንት ዓመቴ ከድንጋይ ካብ ላይ ወድቄ በሁለቱ ቅንድቦቼ መሐል ጠባሳ ቀርቶብኛል። ጠባሳው ቆዳዬን ወደ ታች ስቦ ይይዘዋል። ስስቅ እንኳ የተቆጣሁ እመስላለሁ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው።

«ምን ሆነሽ ነው የተቆጣሽው?»

ሰለቸኝ።

ሲሲ የምትባለውን ሴት ያገኘኋት ጸጉሬን ልሠራ ሄጄ ነው። «ፊለር ትወጋለች» አሉኝ። የተሸበሸበ ፊት ትሞላለች፣ የጎደጎደ ጠባሳ ታስተካክላለች አሉ። ሐኪም ናት ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። እኔ... የባዮሎጂ መምህሯ... አልጠየቅሁም።

የሲሲ ፊት ላይ አንድም መሥመር የለም። ሠላሳ ዓመቷም ሊሆን ይችላል፣ ስልሳም። ስትስቅ የሚንቀሳቀሰው ከንፈሯ ብቻ ነው።

ክፍሏ ውስጥ መስታወት አልነበረም።

ፊት በሚሠራበት ቤት መስታወት የለም... ገረመኝ። ግን ተኛሁ።

መርፌውን ስታነሳ አየሁት። በላዩ ላይ የነበረው ጽሑፍ ተፍቋል።

«የመድኃኒቱ ስም ምንድን ነው?» አልኳት።

«ዝም ብለሽ ተኚ... እንዳትንቀሳቀሺ።»

ወጋችኝ።

መጀመሪያ ግፊት ብቻ ነበር። ከዚያ ከግራ ዓይኔ ጀርባ ሚስማር የመቱብኝ ያህል አመመኝ። ከዚያ ደግሞ... መብራት እንደሚጠፋው... ግራ ዓይኔ ጠፋ።

«ሲሲ... በግራ ዓይኔ አላይም።»

የቀሚሷን እጅጌ ያዝኩ።

«ሲሲ!»

«ይመለሳል» አለችኝ በሹክሹክታ።

መርፌውን ግን ከግንባሬ ላይ አልነቀለችውም። ትንሽ ቆየች። የምትጠብቀው ነገር ያለ ይመስል...

ከዚያ ነቀለችው።

ጎንደር ሆስፒታል ያደረሰኝ የሥራ ባልደረባዬ ስሜነህ ነው። መኪና ለምኖ አሳፍሮኝ ሄድን። በመንገድ ላይ በቅንድቦቼ መሐል ያለው ቆዳ መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ እንደ መረብ እየሆነ ጠቆረ።

ሐኪሙ ረጅም ሰዓት መረመረኝ። ከዚያ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«የተወጋሽው ነገር ዓይንሽን የሚመግበው የደም ሥር ውስጥ ገብቶ ዘግቶታል» አለኝ። «እህቴ... ብዙ ሰዓት አልፏል።»

ስንወጣ ስሜነህ ክንዴን ያዘኝ።

«ለፖሊስ እንናገር።»

«ተው ስሜነህ... እባክህ። ለመልኳ ብላ ዓይኗን አጠፋች ይሉኛል። ተማሪዎቼ ምን ይላሉ?»

«ሌላ ሰው ብትወጋስ?»

ክንዴን አስለቅቄ ወደ መኪናው ሄድኩ።

በሳምንቱ ሲሲ የደባርቋን ክፍል ለቃ ሄዳለች። እኔም ለሰው ሁሉ «የዓይን ግፊት ነው» አልኩ። ሁሉም አመነኝ።

ቆዳዬ ቀስ እያለ ዳነ። ጠባሳው በእርግጥ ጠፍቶ ነበር። የተቆጣሁ አልመስልም። ይህንን ስጽፍ አፍራለሁ... ግን መስታወት ፊት ቆሜ ደስ ያለኝ ቀንም ነበረ።

ታናሽ እህቴ ሊድያ ቡይት ራስ አንድ ሎጅ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። በልጅነቷ የወጣባት ብጉንጅ ጉንጯ ላይ ጠባሳ ጥሎባታል። እንግዶችን ስታናግር ያን ጉንጯን ታዞራለች። ልትጠይቀኝ ስትመጣ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ጮኸች።

«እስኩዬ! ጠባሳሽ የት ሄደ?»

እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር።

«ሲሲ የምትባል ሴት ወጋችኝ» አልኩ። «ጥሩ ሠራችው።»

«ዓይንሽስ?»

«እሱ ከሱ ጋር አይገናኝም። ግፊት ነው።»

እንዲህ ብዬ ዋሸኋት። የእናቴን ልጅ።

ሰኔ ገባ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከመምህራን ክፍል ስወጣ ፀሐይዋ ቀኝ ዓይኔን ወጋችኝ። ቀኙን ጨፈንኩ። ግራው ክፍት ነው፤ ግን የሞተ ዓይን ነው። የጠበቅሁት ጨለማ ነበር።

ጨለማ አልነበረም።

አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ግድግዳ አየሁ። የብረት አልጋ። ከአልጋው ሥር ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳፋ።

አልጋው ላይ አንዲት ሴት በጀርባዋ ተኝታለች። ፊቷ ከግንባሯ እስከ አገጯ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል።

ቀኝ ዓይኔን ስከፍት የትምህርት ቤቱ ግቢ ተመለሰ።

ለሐኪሙ ደወልኩለት።

«አትደንግጪ፣ የታወቀ ነገር ነው» አለኝ። «ዓይን ማየት ሲያቆም አእምሮ አንዳንዴ የራሱን ምስል ይሠራል። ብዙ ሰው ላይ ይታያል።»

ገባኝ። እንዲያውም ቀለለኝ። ሁለቱንም ዓይኔን ስጨፍን ምንም የለም፤ እንደማንኛውም ሰው ጨለማ ነው። ቀኙን ብቻ ስጨፍን ነው እሷ የምትመጣው። አእምሮዬ ነው አልኩ... ግን በየቀኑ ቀኙን እየጨፈንኩ ማየቴን አልተውኩም።

መጀመሪያ ሁለት እጆቿ በጎኗ ተዘርግተው ነበር።

በሳምንቱ አንደኛው እጇ ደረቷ ላይ ነው።

ሐምሌ ሲገባ... አፏ ያለበት ቦታ ላይ ጨርቁ ገባ አለ። ከዚያ ወጣ አለ።

ትተነፍሳለች።

ሐምሌ አሥራ ሁለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ስሜነህና እኔ የፈተና ውጤት እየሞላን ነው። ስልኬ ላይ የቴሌግራም መልእክት ገባ። ሊድያ ናት። ፎቶ ልካለች።

«እስኩዬ፣ ዳባት ነኝ! ሲሲን አገኘኋት። ሳልነግርሽ ተሠርቼ ላስደንቅሽ ነበር፣ አልቻልኩም።»

ፎቶው ላይ እየሳቀች ነው። ከጀርባዋ...

አረንጓዴ ግድግዳ። የብረት አልጋ። ሰማያዊ ሳፋ።

ደወልኩ። አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ። አታነሳም። «እንዳትወጊ!» ብዬ ጻፍኩ። አላየችውም።

«ስሜነህ... ሞተርህን አስነሳ።»

«ምን ተፈጠረ?»

«እህቴን ላሳውር ነው።»

ሌላ አልጠየቀኝም። ሞተሩን አስነሳ።

የሐምሌ ጉም መንገዱን ውጦታል። ወቅን የምትባለው ከተማ ስንደርስ ከፊታችን ያለው አስፋልት አሥር እርምጃ አይታይም። ስሜነህ ጡሩንባ እየነፋ ይነዳል። እኔ ከኋላው ተቀምጬ ቀኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሴትዮዋ እዚያው ናት። ጨርቁ ግን አሁን በፍጥነት ይገባል፣ ይወጣል... ይገባል፣ ይወጣል... እንደፈራ ሰው።

«ቶሎ በል» አልኩት። «ቶሎ በል ስሜነህ።»

ዳባት ገብተን አንድ ጸጉር ቤት ጠየቅን፤ ወደ ሌላ ላኩን። ሁለተኛው ቤት ውስጥ ያለችው ልጅ በአገጯ ወደ ጓሮ አመለከተችን። በሩን ገፍቼ ገባሁ።

ሊድያ የብረት አልጋው ላይ በጀርባዋ ተኝታለች። የማደንዘዣ ቅባት ተቀብታ ፊቷ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ሲሲ መርፌ ይዛ ቆማለች።

«እጅሽን አንሺ» አልኩ። «እጅሽን ከእህቴ ላይ አንሺ!»

ሲሲ አልደነገጠችም። መርፌውን ቀስ ብላ አስቀመጠችና ዞራ አየችኝ። ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ቀኝ ዓይኗ እኔ ላይ ነው። ግራው ግን ግድግዳው ላይ እንደተተከለ ቀርቷል።

ወደ እኔ መጣች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

«ጨርቁን አነሳችው?»

ስለዚያች ሴት የነገርኩት ለሐኪሙ ብቻ ነው። ስለ ጨርቁ ለእሱም አልነገርኩትም።

«ማን?... እህቴን ነው የምትይው?»

ሲሲ ወደ አልጋው ዞር ብላ ሊድያን አየቻት። ራሷን ነቀነቀች።

«ይቺ አይደለችም።»

ቦርሳዋን አነሳች። በጓሮ በር በኩል ስትወጣ አንድ ጊዜ ብቻ ቆም አለች።

«ገና ካላነሳች... ቀኝ ዓይንሽን ለብቻው አትጨፍኚ።»

ስሜነህ ተከትሏት ሮጠ። ጉም ብቻ ነበር። ለፖሊስም ያን ቀን ተናገርን። እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

ሊድያ ጨርቁን ከፊቷ ላይ ገፍፋ ተነስታ ተቀመጠች። ተቆጥታለች። እኔ ግን አልጋው ላይ አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ መርፌው፣ ስለ ደም ሥሩ፣ ስለ ውሸቴ።

ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ጉንጯ ላይ ያለውን ቅባት በእጇ ጠረገች።

«ስሟን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ።

«አዎ።»

«እያወቅሽ።»

«... አዎ።»

ተነስታ ወጣች። ወደ ቡይት ራስ ከተመለሰች በኋላ ስልኬን ማንሳት ተወች። እኔም አልፈረድኩባትም። ሁለት ዓይኗ ጤነኛ ሆኖ ትጥላኝ... ይሻለኛል።

ከዚያ በኋላ የሲሲን ቃል ጠበቅሁ። ፊቴን ስታጠብ ሁለቱንም እጨፍናለሁ። በፀሐይ ስሄድ ጥቁር መነጽር አደርጋለሁ። ሁለት ወር አለፈ፣ ሦስት ወር አለፈ። ሴትዮዋን አላየኋትም።

ባለፈው ማክሰኞ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ የደም ዝውውርን እያስተማርኩ ነበር። ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ልብን እየሳልኩ ሳለ የጠመኔ ብናኝ ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ገባ። አቃጠለኝ። ሳላስበው ቀኙን ጨፈንኩት።

አረንጓዴው ግድግዳ መጣ።

አልጋው ባዶ ነው።

ነጩ ጨርቅ መሬት ላይ ወድቋል። የክፍሉ በር... ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ዓይኔን በግድ ከፈትኩትና ወደ ተማሪዎቼ ዞርኩ።

ሃምሳዎቹም ተማሪዎች ቆመዋል። እንግዳ ወደ ክፍል ሲገባ እንደሚቆሙት፣ እጃቸውን ሰብስበው፣ ቀጥ ብለው። ሁሉም የሚያዩት ወደ በሩ ነው።

በሩ ላይ ማንም የለም።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አልኩ። «ተቀመጡ እንጂ።»

አንድም አልተቀመጠም።

ከፊት ወንበር ያለችው ሃና ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰችልኝ።

«ቲቸር... እሳቸው ገና ተቀመጡ አላሉንም።»