በሽቦ የታሰረች ከተማ

ሊቋ የድልድዩን ምሰሶ ወንዙ ውስጥ ልታቆም ጣቷን ስክሪኑ ላይ እንዳሳረፈች፣ በሱቁ መስታወት በኩል ሚጢጢን አየቻት። ሚጢጢ ከአባቷ ጋር መንገዱን እየተሻገረች ነበር። የሚመጡት ደግሞ ወደዚሁ ሱቅ ነው።

መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ መደበቅ ነበር። ግን የስልክ ሱቅ ውስጥ የት ይደበቃል? ከወገብ በላይ ሁሉም ነገር መስታወት ነው፤ ከወገብ በታች የሻጯ ወንበርና የካርቶን ክምር ብቻ አለ። እዚያ ካርቶን መሃል ተሸጉጣ ብትገኝ ደግሞ ምን ልትል ነው?

ሊቋ እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ የክፍሏ ልጆች ያወጡላት ነው። የማን ካሜራ ጨለማ ውስጥ እንደሚያይ፣ የትኛው ባትሪ እስከ ማታ እንደሚዘልቅ እሷን ሳያማክር ስልክ የሚገዛ የለም። የምትፈትንበት መንገድም የራሷ ነው። የመኪና እሽቅድምድም ጌም ትከፍትና ጥቂት ዙር ከነዳች በኋላ የስልኩን ጀርባ ጉንጯ ላይ ትለጥፈዋለች። የሚግል ከሆነ «ይሄ ስልክ ሳይሆን ካውያ ነው» ብላ ትመልሳለች፤ ባለቤቱ ቢያኮርፍ ደንታ የላትም።

ጉዱ ምንድን ነው፣ ሊቋ ራሷ ስልክ የላትም። እቤት ያለው የእናቷ ባለ ቁልፍ ስልክ ብቻ ነው። እናቷ በአንዲት ክፍል ቤታቸው ውስጥ መጋረጃ ትሰፋለች፤ ስልኩን ደግሞ ደንበኛ ይደውላል ብላ ከጎኗ አትለየውም።

ሚጢጢ አንድ ዴስክ ላይ አብራት የምትቀመጥ ጓደኛዋ ናት። ስሙ የወጣላት ትንሽ ሳለች ነው፤ አሁን ከክፍሉ ሁሉ ረጅም ብትሆንም አልለቀቃትም። ዓመቱ ሲጀመር «ያንቺስ ስልክ የቱ ነው?» ብላ ስትጠይቃት፣ ሊቋ የለኝም ማለት ከበዳት፤ እዚህ ሱቅ ውስጥ የምትነካካውን የማሳያ ስልክ ስም ጠራች። ትምህርት ቤት ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ አሳዪኝ የሚላት አልነበረም። መዋሸቱ ቀላል ነበር። የከበዳት ውሸቱን በየቀኑ መቀለቡ ነው።

የምትቀልበው ደግሞ በከተማዋ ወሬ ነበር። ከተማዋ ያለችው የማሳያው ስልክ ላይ ባለ የከተማ መሥሪያ ጌም ውስጥ ነው፤ ከባዶ ሜዳ ተነስታ ሊቋ የሠራቻት ናት። ክብ ገበያ አላት፣ ሰማያዊ ጣሪያ ያለው ዳቦ ቤት አላት፣ ሁልጊዜ ትንሽ የምትዘገይ ባቡር አለቻት። ሚጢጢ በየእረፍቱ «ዛሬስ ምን ጨመርሽ?» ትላታለች፤ ሊቋም እቤቷ ሶፋ ላይ ተጋድማ የሠራችው አስመስላ ትተርካለች። እቤታቸው ሶፋ የለም።

በዚህ ሱቅ ደንብ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የማሳያ ስልኮች ሁሉ ይጸዳሉ። ደንበኛ ሲሞክር የተወው ፎቶና ጌም ተጠራርጎ ይጠፋል። ሻጯ ግን ሊቋ የምትጫወትበትን ይህን አንዱን ስልክ ሳታጸዳ ትዘለዋለች። ሊቋ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጎራ እያለች፣ ግራ የገባቸውን ደንበኞች የስልኮቹን ልዩነት በቀላሉ ስለምታስረዳላት ወዳታለች። በዚያ ላይ ልጅቷ ስልኩን ስትይዘው ዓይኗ የሚሆነውን አይታለች፤ አንጀቷን በልታታለች።

ከከተማዋ ዳር፣ ኮረብታው ላይ፣ ሊቋ ቤት ሠርታለች። አንድ ክፍል ለእናቷ፣ አንድ ክፍል ለስፌት መኪናው፣ አንድ ክፍል ለራሷ። ማታ እቤቷ አልጋዋ ላይ ሆና ስፌት መኪናው ጆሮዋ ሥር ሲንኳኳ፣ የራሷን ክፍል መጋረጃ ቀለም ስትመርጥ ትቆያለች። ከዚያ ስልኩ ትዝ ይላታል። ያ በቀጭን ሽቦ ከጠረጴዛው ጋር የታሰረው ስልክ የእሷ ቢሆን፣ ከትራሷ ሥር ብታስቀምጠው፣ ሲነጋ ከማንም በፊት ባቡሯን ብታስነሳ።

በሩ ተከፈተ። ሊቋ በፍጥነት ጌሙን ዘጋችው።

«አንቺ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለች ሚጢጢ፣ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት። መልስ ሳትጠብቅ አባቷን ክንዳቸውን ይዛ ጎተተቻቸው። የምነግርህ ልጅ እሷ ናት፣ እሷ ትምረጥልኝ አለቻቸው።

አባቷ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ረጋ ያሉ ሰው። ልጃቸው ፈተናው ላይ ጥሩ ውጤት ካመጣች ስልክ እገዛልሻለሁ ብለው ቃል ገብተው ነበር። ሻጯ ሁለት ስልክ አሳየቻቸው። አንደኛው ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ ነው። ሁለተኛው ያ የማሳያው ስልክ ነው። ዓይነቱ ስላለቀ የመጨረሻው እሱ ነበር፤ ማሳያ በመሆኑም በቅናሽ እንዲሸጥ የሱቁ ባለቤት ከትናንት ወዲያ ፈቅዷል። ሻጯ ይህን ለሊቋ ለመንገር አልደፈረችም ነበር። አሁንም አየት አድርጋት ዓይኗን ሰበረች።

«እንግዲህ ሊቅ ከሆንሽ ፍረጂልን፣ ልጄ» አሉ አባት። «የቱ ይሻላል?»

ሊቋ መልሱን ታውቀዋለች። አዲሱ ስልክ ከላይ ሲያዩት ያብረቀርቃል፤ ከውስጥ ግን ቀርፋፋ ነው፣ ይግላል፣ ከባድ ጌም አይችልም። የማሳያው በሁሉም ይበልጠዋል። ያንን ከተናገረች ግን ከተማዋ ዛሬውኑ በሚጢጢ ቦርሳ ውስጥ ሆና ትወጣለች። ሁለት ቃል ብቻ ብትዋሽ ደግሞ ነገም እዚህ ቆማ ድልድይዋን ትሠራለች።

«አዲሱ ይሻላል» አለች። «ማሳያውን ብዙ ሰው ነካክቶታል።»

አባት በሐሳቧ ተስማሙና አዲሱን አነሱት። እውነትም የሰው እጅ ያልነካው ነገር ጥሩ ነው አሉ።

ሚጢጢ ግን ወደ ሊቋ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «በናትሽ፣ ከተማ መሥሪያው ጌም በዚህኛው ይከፈታል አይደል?» አለቻት። «እኔ እኮ ካንቺ ከተማ አጠገብ ለመሥራት ነው ያጠናሁት። ጎረቤት እንድንሆን።»

ሊቋ የሚጢጢን ፊት አየችው። ይህን ፊት ታውቀዋለች፤ እሷ ራሷ ከትምህርት ቤት ወደዚህ ሱቅ ስትሮጥ የምትይዘው ፊት ነው። አፈረች። ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

«ጋሼ፣ ይቆዩ» አለች። «ተሳስቼ አይደለም፣ ሆን ብዬ ነው አዲሱ ያልኩት። የማሳያው ይሻላል። ያኛው ይግላል፣ ጌምም አይችልም።»

አባት ቅንድባቸውን ሰቀል አድርገው አዩዋት፤ ለምን ብለው ግን አልጠየቁም። ካርቶኑን መለሱና የማሳያውን ሂሳብ ከፈሉ። ሻጯ ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረችው። ማሳያ ስለሆነ ሰው የጫነበትን ሁሉ ላጽዳላችሁ አለች። ከዚያ ቀና ብላ ሊቋን ቆየት አድርጋ አየቻት።

ሊቋ ገባት። ሻጯ ጌሙን በጥድፊያ ስትዘጋ አይታታለች፤ ልትሸፍንላት ነው። ሻጯ አንድ ጊዜ ከተጫነች ከተማዋ ትጠፋለች፤ ውሸቱ ግን ይተርፋል። ነገ ስልኬ ተበላሸ ብትል ሚጢጢ ታምናታለች። እንዲያውም ታዝንላታለች፣ ነይ በእኔ ተጫወቺ ትላታለች። ሊቋን ከሁሉም የከበዳት ይሄኛው ነው።

«እትዬ፣ አታጥፊው» አለች።

እጇን ዘርግታ ስልኩን ወደ ሚጢጢ አዞረችና ጌሙን ከፈተችው። የታወቀው ሙዚቃ ጀመረ። ባቡሯ ዘግይታ ወጣች። ሚጢጢ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብላ ክቡን ገበያ አየች፣ ሰማያዊውን ጣሪያ አየች፣ ኮረብታው ላይ ያለውን ቤት አየች። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ይሄ ያንቺ ከተማ አይደል እንዴ? እዚህ ምን ይሠራል?»

«እዚህ ነው የሠራሁት» አለች ሊቋ። «ስልክ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም።»

አባት ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የጆሮ ማዳመጫዎች አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ። ሻጯ አቀርቅራ ሽቦውን ከስልኩ ጀርባ ትፈታ ነበር። የሚጢጢ ዓይን ከኮረብታው ቤት ላይ አልተነሳም።

የሱቁ በር ክፍት ነው፤ ሊቋ ብትወጣ የሚይዛት የለም። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችና፣ ሚጢጢ የምትላትን ልትሰማ እዚያው ቆመች።