ሰው የሚተኛበት በር

ጋሽ ስማቸው ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ከግርጌያቸው የከሰል ማንደጃ ነበር፤ ፍሙ አመድ ሆኗል። በሩ ተቆልፏል። መክፈቻው ራስጌያቸው ካለው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

እንደ እንጅባራ ባለ ብርዳም ከተማ እንዲህ ያለ ሞት ሲሰማ፣ ሰው «የከሰል ነገር!» ብሎ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ አልቅሶም ይቀብራል። የጋሽ ስማቸው ጎረቤቶች ግን ከንፈር ከመምጠጥ አልፈው ማሰብ ጀመሩ፤ ማሰባቸው ደግሞ ደግ አልነበረም። ሰውዬው ከሰል ይፈሩ ነበር፤ ማንደጃ አስገብቶ የሚያድር ሰው ካዩ ይቆጣሉ። በራቸውንም ቆልፈው ተኝተው አያውቁም። የከተማውን መክፈቻ ሲቀርጹ የሚውሉት ሰው፣ ማታ ከሱቃቸው ጀርባ ባለችው ክፍል በሩን ገርበብ አድርገው ነበር የሚተኙት። ታዲያ ያን ዕለት ብቻ ምን ነክቷቸው ቆለፉ? «በገዛ እጃቸው ነው» የሚለው ወሬ ከደብሩ ደጅ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም።

መምሬ ባንተአምላክ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሥርዓት አክባሪ ካህን ናቸው እንጂ። «ፖሊስ የሚለውን ሳልሰማ ፍትሃት አላደርስም» አሉ። ከዳንግላ በሚኒባስ የደረሰችው የሟች ልጅ እታለማሁ ይህን ስትሰማ ለቅሶዋን አቋርጣ ኢንስፔክተር የምሥራችን ፍለጋ ሄደች።

የምሥራች በስሟ የሚቀለድባት ሴት ናት፤ እሷ ደጃፍ ላይ ስትቆም የምሥራች ይዛ አታውቅማ። ብቻዋን ትኖራለች፣ ብቻዋን ትበላለች፣ ስትናገር አትቸኩልም።

«አባቴ ራሱን አልገደለም» አለቻት እታለማሁ። «ዛሬ እኔ ዘንድ ዳንግላ ሊመጣ ነበር። ልጁ ጋ ሊሄድ የተነሳ ሰው እንዴት ራሱን ይገድላል? ያለ ፍትሃት አፈር ሊገባ ነው። እባክሽ እህቴ።»

«ቀብሩ መቼ ነው?»

«ነገ፣ ከቀትር በፊት።»

«እንግዲያው እስከዚያ አለን።»

በሩን የሰበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ጋሽ ስማቸውን ወደ መናኸሪያ ሊያደርስ ጠዋት የመጣው የባጃጅ ሾፌር ናታን ነው፤ ሌላው የእህታቸው ልጅና የሱቁ ሠራተኛ እንዳልካቸው። መቃኑ ተሰንጥቋል፤ የቁልፉ ምላስ ግን እንደወጣ ነው። የምሥራች ቁልፉን አስፈትታ በስልኳ መብራት አየችው። በቀዳዳው አፍ ዙሪያ አዲስ ጭረት አለ፤ ከታች በኩል ብዙ ቀጫጭን፣ ከላይ ደግሞ አንድ ጠለቅ ያለ። መክፈቻ እንዲህ አይጭርም።

«ይህን ያለ መክፈቻ ማንቀሳቀስ የሚችል ማን አለ?»

እንዳልካቸው አንገቱን ደፋ። «አጎቴ ያስተማረን ሦስት ነን። እኔ፣ ናታን፣ እና ጎረቤታችን እትዬ ልክየለሽ። የተቆለፈበት ሰው ሲመጣ እንድናግዝ ብሎ ነው ያስተማረን።»

«እንግዲያው እኔንም አስተምረኝ።»

ቀልድ መስሎት ፊቷን አየ። አልቀለደችም። ከመሳቢያው ሁለት ዓይነት ብረት አወጣ። ጫፉ የተቆለመመው ሽቦ በቀዳዳው ገብቶ በውስጥ ያሉትን ትንንሽ ብረቶች፣ ፒኖቹን፣ አንድ በአንድ ያነሳል። ሌላው መወጠሪያ ነው፤ የሚዞረውን ሲሊንደር በቀስታ ወጥሮ ይይዝና ፒኖቹ ሲነሱ ያዞረዋል።

«ጀማሪ ሁሉ የሚከፍተው ሽቦው ይመስለዋል» አለ እንዳልካቸው። «መወጠሪያው ነው። ምርጫው ላይ ከተሳሳቱ ቀኑን ሙሉ ቢጎረጉሩ ንቅንቅ አይልም። ይሄ ከጃንጥላ ዘንግ የተሠራ ነው፣ ቀጭን። ይሄ ደግሞ ከባጃጅ ዝናብ መጥረጊያ ውስጥ የወጣ ነው፣ ወፍራምና ግትር።»

«የቱን ልምረጥ?»

«መጀመሪያ ቀዳዳውን ማየት ነው። ሳናይ መወጠሪያ ከነካን አጎቴ እጃችንን ይመታን ነበር።»

«ለዚህ ለራሳቸው በርስ?»

ቁልፉን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አዞረው፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖም አየ። «አፉ ጠባብ ነው። ቀጭኑ ይሆነዋል፣ ከታች በኩል።»

«ሞክረኸው ታውቃለህ?»

«የሱን በር? ምን በወጣኝ! ሰው የሚተኛበት በር መማሪያ አይሆንም፤ ሕጉ እሱ ነበር። የተማርነው በአሮጌ ጓጉንቸርና ከፈረሰ ቤት በመጣ ቁልፍ ነው። ከሦስታችን ይህን የነካ የለም።»

«ማንደጃውን ማን ነው የሚያስገባላቸው?»

«እትዬ ልክየለሽ ናት። ጉልበቱን ስለሚያመው ከመተኛቱ በፊት እግሩን ያሞቃል። እንቅልፍ ሲወስደው ማንደጃውን ታወጣና በሩን ገርበብ አድርጋ ትሄዳለች። እሱማ በምርኩዝ ነው የሚሄደው፤ ፍም የያዘ ማንደጃ እንዴት ይሸከማል?»

«ሱቁ ለማን ይቀራል?»

እንዳልካቸው ፊቱ ተለዋወጠ። «ለእኔ ይመስለኛል» አለ፤ ወዲያውም እንባው መጣ። የምሥራች እንባ አይታ ሰው ነፃ አታወጣም፤ ቢሆንም መሐረቧን ሰጠችው።

ናታንን ባጃጁ ውስጥ አገኘችው። ባለፈው ወር ከጋሽ ስማቸው ጋር ተኳርፈው ነበር፤ አንድ ሰካራም «ቤቴ ነው» ሲለው ናታን ሳያጣራ የሰው በር ከፍቶ። «አባረሩኝ፤ ኋላ ይቅር አሉኝ» አለ። የበሩን ቁልፍ ስትሰጠው እሱም አስቀድሞ ቀዳዳውን አየ። «ቀጭኑ» አለ።

«ዳንግላ ምን ሊያደርጉ እንደሚሄዱ ነግረውህ ነበር?»

«‹የቤት ጉዳይ አለኝ› አሉኝ። ጠቅልለው ሊገቡ መሰለኝ። ከፋኝ፣ እውነቴን ነው። ለእትዬ ልክየለሽ ስነግራት መቀሷን ከእጇ አስቀመጠች። የምታውቅ መስሎኝ ነበር።»

ልክየለሽ ልብስ ሰፊ ናት፤ ክፍሏ ከጋሽ ስማቸው ክፍል በአንድ ግድግዳ ይለያል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። ቤቷ ከመጠን በላይ ጸድቷል፤ የሚያቆሽሸው ሰው የለማ። የምሥራች ይህን ጽዳት ታውቀዋለች፤ የራሷም ቤት እንዲሁ ነው።

«ትናንት ማታ አሞኝ በጊዜ ተኛሁ» አለች ልክየለሽ። «ማንደጃውን ራሳቸው አስገብተው ይሆናል።»

«ዳንግላ እንደሚሄዱ ያውቁ ነበር?»

«ከየት አውቄ? እኔ ጎረቤት ነኝ።»

«ቁልፍ መክፈት እንዴት ተማሩ?»

ልክየለሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ምሽት አይገፋ ነገር። እሳቸው ብቻቸውን፣ እኔ ብቻዬን። ‹ጣትሽ ጥሩ ነው› አሉኝና ጀመርን። እጅሽን አምጪ።» ጓጉንቸር አስይዛ መወጠሪያውን ጣቷ ላይ አደረገችላት። «አትጫኚው። ክር መርፌ ውስጥ ስታስገቢ ትጫኛለሽ? እንዲያ ነው። አሁን ጠብቂው፣ እሱ ራሱ ይነግርሻል።»

ጓጉንቸሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። የምሥራች እንደ ልጅ ደስ አላት፤ ሰው እጇን ከነካ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ይህች ሴት ባትሆን ብላም ተመኘች።

«ለበራቸውስ ቁልፍ የቱ ይሆነዋል?»

ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ልክየለሽ ዓይኗን ወደ ስፌት መኪናዋ መለሰች። «ቀጭኑ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት የምሥራች ሁሉንም በጋሽ ስማቸው ሱቅ ሰበሰበች። መምሬ ባንተአምላክ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እታለማሁ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። የበሩ ቁልፍ፣ ምላሱ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ በብረት መያዣው በሞርሳ ታስሯል።

«ይህ ቁልፍ ከውጭ ያለ መክፈቻ የሚቆለፍ ከሆነ» አለች ኢንስፔክተሯ «የቆለፈው ሌላ ሰው ነው ለማለት እችላለሁ። የማይቆለፍ ከሆነ ግን የቆለፉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ለመምሬም ይህንኑ እነግራቸዋለሁ።»

ቀጭኑን መወጠሪያ አስገባች። ተንሸራተተ። ደገመችው፤ ተንሸራተተ። እንዳልካቸው ተቀብሏት ሞከረ፤ ላብ አጠመቀው እንጂ አልሆነለትም። ናታንም በተራው ሞክሮ እጁን አራገፈ።

«አይሆንም ማለት ነው» አለች የምሥራች።

መምሬ ተነፈሱ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ። እኔ ምን ላድርግ?» ብለው ተነሱ። እታለማሁ ድምፅ ሳታሰማ በግድግዳው ላይ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ቀጭኑ አይደለም።»

ሁሉም ዞሩ። ልክየለሽ ነበረች። «ወፍራሙን አድርጊው። ከላይ በኩል። ከታች ተበልቷል፤ ቀጭኑን አይዝም።»

የምሥራች ወፍራሙን ከላይ አስገብታ በሽቦው ፒኖቹን አነሳች። ሲሊንደሩ ዞረ፤ የቁልፉ ምላስ ጠቅ ብሎ ወጣ።

«መቼ ሞከሩት፣ እትዬ ልክየለሽ?»

ልክየለሽ ነጠላዋን ሰበሰበች።

«እንግዲያው እኔ ልናገር» አለች የምሥራች፤ ድምፅዋ ውስጥ ድል አልነበረም። «ጋሽ ስማቸው ፍም የያዘ ማንደጃ መሸከም አይችሉም፤ ስለዚህ ያስገባው ሌላ ሰው ነው። በሩን ቆልፈው አይተኙም፤ ስለዚህ የመጣው ሰው መክፈት አላስፈለገውም፣ ያስፈለገው መቆለፍ ነው። ጠለቅ ያለው ጭረት ያለው ምላሱ በሚወጣበት አቅጣጫ ነው፤ ለመክፈት ቢሆን በተቃራኒው ይሆን ነበር። ትናንት ቢሮዬ ሁሉም ከወጣ በኋላ ሞከርኩት። ይህ ቁልፍ ያታልላል። አፉን ላየው ጠባብ ነው፤ ቀጭን መወጠሪያ ያስመርጣል። ውስጡን ግን መክፈቻው በዕድሜ ብዛት በልቶታል። ቀጭኑ በተንሸራተተ ቁጥር ከታች ጭረት ይተዋል፤ እነዚያ ቀጫጭን ጭረቶች እሱ ናቸው። ቆላፊው በቀጭኑ ጀመረ፣ አቃተው፣ ወፍራሙን ከላይ አስገባ። ይህን ከውጭ አይቶ የሚያውቅ የለም። እንዳልካቸውና ናታን ቀዳዳውን አይተው ተሳሳቱ። እርስዎ ሳያዩ ‹ቀጭኑ› አሉኝ። መጀመሪያ ቀዳዳውን ማየት በዚህ ሱቅ ሕግ ሆኖ ሳለ፣ ከተማሪዎቹ ሁሉ ጎበዟ እርስዎ አላዩትም። ማየት አላስፈለገዎትም፤ አውቀውት ሆን ብለው የተሳሳተውን ነገሩኝ። ዳንግላ እንደሚሄዱም ከናታን ሰምተው ነበር፤ ለእኔ ግን አላውቅም አሉኝ።»

«ማንደጃውን ማውጣት ረስታ ቢሆንስ?» አለ ናታን።

«መርሳት ማንደጃ ውስጥ ይተዋል፣ ናታን። በር አይቆልፍም።»

ልክየለሽ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። «አደጋ ነው ይላሉ ብዬ ነበር» አለች። «ራሱን ገደለ ይላሉ ብዬ አላሰብኩም። ሳይፈታ አፈር ሲገባ ማየት አልችልም። ሊሄድ ነው ሲለኝ ናታን… እሱ ምንም አልነገረኝም። አጠገቤ ተቀምጦ እግሩን እያሞቀ ምንም አልነገረኝም። ተኛ። ማንደጃውን ላነሳ ጎንበስ አልኩና፣ ነገስ ለማን ነው የማቀጣጥለው አልኩ። ትቼው ወጣሁ። ሰው ገርበብ ያለ በር አይቶ ገብቶ እንዳያወጣው ቆለፍኩት። መክፈቻውን ብወስድ ይታወቃል። እሱ ባስተማረኝ ቆለፍኩት።»

መምሬ ባንተአምላክ አማተቡ። «ለጋሽ ስማቸው ፍትሃቱ ይደርሳል» አሉ።

እታለማሁ ከወለሉ ተነሳች። ትጮሃለች፣ ትማታለች ብለው ናታንና እንዳልካቸው ተጠጉ። አልጮኸችም። ልክየለሽን እያየች በዝግታ ነበር የተናገረችው።

«አንቺ ነሽ ለካ። ‹አንዲት ሰው አለች› ብሎኝ ነበር በስልክ። ስምሽን አልነገረኝም፤ አፈረ መሰለኝ። ግቢዬ ውስጥ ሁለት ክፍል አሠርቼለታለሁ። ‹መጥቼ ልየውና እመለሳለሁ፣ ከዚያ እጠይቃታለሁ፤ ቤቱ ሳይሆን ቀርቶ በምን አፌ እጠይቃታለሁ?› አለኝ። ትናንት ሊሄድ የነበረው ለማየት ነው። ማታውን ይመለስ ነበር።»

ልክየለሽ ወደ እታለማሁ ቀና አለች። «ዋሸሁ በይኝ» አለች።

«አልዋሸሁም።»

«ዋሸሁ በይኝ፣ እናቴ።»

እታለማሁ ራሷን ነቀነቀች። የምሥራች ልክየለሽን በክንዷ ይዛ አስነሳቻት። በሩ ላይ ሲደርሱ ልክየለሽ ቆመች፤ ወደ ኋላ ሳትዞርም ጠየቀች።

«መስኮት አላቸው፣ ክፍሎቹ?»

እታለማሁ ዝም ልትል ነበር። አልቻለችም።

«አንደኛው ሰፊ መስኮት አለው። በፀሐይ መውጫ በኩል። ግንበኛው በስልክ ለብርድ አይሆንም ቢለውም እምቢ አለ። ‹ቀኑን ሙሉ ስፌት ላይ የምትውል ሰው ብርሃን ያስፈልጋታል› አለኝ።»