የዝምታ ቆጣሪ

አስካለ ቁርስ ከመቅመሷ በፊት ጎተራውን ትዞራለች። መዳፏን በእያንዳንዱ ዲስክ ክዳን ላይ ታሳርፍና «እንዴት አደርክ?» ትላለች። ዲስኩም አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ አድርጎ «ደህና ነኝ፤ ሌላ የሚፈልጉት አለ?» ይላታል። «የለም፣ ተመስገን» ብላ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ባደገችበት ሰፈር ሰላም ሳይሉ ማለፍ እንደ ኩራት ነው የሚቆጠረው። መርከብ ላይ ቢሆንስ፣ ያው ነው።

ጎተራ የሚሏት የጠፈር መርከቧን ነው እንጂ እህል የለባትም። የሞቱ ሰዎች ድምፅ፣ የፈረሱ ሰፈሮች ጫጫታ፣ ዛሬ ማንም የማያውቀው የሠርግ ዘፈን፣ ይህ ሁሉ በመስታወት ዲስክ ላይ ተቀርጾ የተከማቸው መርከቧ ውስጥ ነው። ምድር ላይ ማስቀመጫው ሲጠብ እንዲህ ያሉ መርከቦች ተሠሩና፣ ፀሐይ የሻማ ያህል ብቻ ከምታበራበት ሩቅ ቦታ፣ አንዲት ትልቅ ፕላኔት እንዲዞሩ ተላኩ። በየመርከቡ አንድ ጠባቂ ብቻ። ሁለት ሰው የሚያሞቅ ኃይል ከየት ይመጣል?

ኃይሉን የሚቆጥበው ከርነሉ ነው፤ የመርከቧን ሥራ ሁሉ ከውስጥ የሚመራው ልብ ማለት ነው። ጠባቂዎቹ እምብርት ይሉታል። እምብርት ለእያንዳንዱ ዲስክ የዝምታ ቆጣሪ ሰጥቶታል። አንድ ዲስክ ማንም ሳይጠይቀው ሲቆይ ቆጣሪው ይሞላል። ያን ጊዜ እምብርት መስታወቱን የሚያነበውን መርፌ ቀስ አድርጎ አንስቶ ማረፊያው ላይ ያስቀምጥና ሽክርክሪቱን ያቆማል። ዲስኩ ተኛ ይባላል። ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ ይቀሰቅሰዋል። የጠባቂዋን መብራትና ሙቀትም የሚያዘው እምብርት ነው። በምን ደንብ እንደሚያዘው ግን አስካለ አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም።

ከጎረቤት ጎተራ ባንተይርጋ የሚባል ጠባቂ በየማለዳው በሬዲዮ ይጠራታል። ፊቱን አይታው አታውቅም፤ በዕድሜ ግን እንደምትበልጠው ከአነጋገሩ ታውቃለች።

«እትዬ አስካለ፣ እንዴት አደሩ?»

«ደህና ነኝ። ነገርህን ቶሎ ተናገር።»

«ነገር እንኳ የለኝም። የበርዎ ማጠፊያ ይጮኻል እንዴ? የኔው እሪ እያለ አስቸገረኝ።»

«ዘይት አድርግበት።»

«ዘይቱ እኮ አልቋል።»

«እንግዲያው ምራቅህን ቀባው! አቤት አንተ ሰው! ድምፅህ ሁልጊዜ ከብርድ ልብስ ሥር ነው የሚወጣው። ተነስና ሰው ምሰል።»

እሱ ይስቃል፤ እሷ ትዘጋለች። ሬዲዮ ኃይል ይበላል ባይ ናት። ደግሞም የባንተይርጋ ጎተራ በሥርዓቱ የተመሰገነ ነው፤ ዲስኮቹ ሁሉ ሰጥ ለጥ ብለው ይተኛሉ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይጎድለዋል ብላ ነው።

አንድ ቀን ግን ባንተይርጋ ሲጠራት የማጠፊያውን ነገር አላነሳም።

«እትዬ፣ ዛሬ ቀልድ የለም። ምድር ያሉት ተቆጣጣሪዎች በኔ በኩል ትእዛዝ ልከውልዎታል። በቅርቡ መርከቦቻችን የፕላኔቷ ጥላ ውስጥ ይገባሉ፤ የፀሐይ ብርሃን አናገኝም፣ በባትሪ ብቻ ነው የምንቆየው። እርስዎ ዘንድ ሰባተኛው ረድፍ ላይ አንድ ዲስክ አልተኛም አሉ። ጥላው ከመድረሱ በፊት ካልተኛ፣ የረድፉ ኃይል እንዲቆረጥ።»

መቁረጥ ማስተኛት አይደለም። ሽክርክሪቱ ላይ እያለ ኃይሉ ድንገት ሲጠፋ መርፌው መስታወቱ ላይ ይወድቃል፤ ድምፁን ይቧጭረዋል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይሰማውም።

ሰባተኛው ረድፍ ላይ ያለው ደግሞ ማንደፍሮ ነው።

ማንደፍሮ ባሏ ነበር፤ የታክሲ ረዳት። በወጣትነቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ «አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!» እያለ ሲጣራ፣ ለከተማው ማስታወሻ ድምፅ የሚቀርጹ ሰዎች ቀድተውት ኖሯል። ከሞተ በኋላ በዚህ ዓለም የቀረው ድምፁ ያ ብቻ ነው። አስካለ ይህን ሥራ የለመነችውም ለዚሁ ነበር። ታዲያ አንድም ቀን ከፍታ አልሰማችውም። መስታወቱ በተነበበ ቁጥር ያልቃል ብላ ሳሳችለት። ከክዳኑ ውጪ ሰላም ማለት ብቻ በቃት።

ሬዲዮውን ዘግታ ወደ ሰባተኛው ረድፍ እየሮጠች ሄደች። ዲስኩ ጆሮ ላይ እንደሚያንዣብብ ንብ ጥዝዝ እያለ ይሽከረከራል። ክዳኑን ነካችው፤ ይፋጃል።

«እምብርት፣ ይህን ዲስክ እንቅልፍ የነሳው ማነው? ማነው የሚጠይቀው?»

«እርስዎ ነዎት» አለ እምብርት።

«ቅጥፈት! አንዲት ቃል ከፍቼ አልሰማሁም!»

እምብርት መከራከር አያውቅም። ወደ ዲስኩ የመጡትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ያሰማት ጀመር። ድምፁ የራሷ ነበር። «እንዴት አደርክ? … እንዴት ዋልክ? … ደከመህ እንዴ? … አለህ? … እንዴት አመሸህ? … አለህ?»

ሌሎቹን ማለዳ አንድ ጊዜ ብቻ ሰላም ብላ ነበር የምታልፋቸው፤ ስለዚህ ወዲያው ተመልሰው ይተኛሉ። እዚህ ጋ ግን ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ፣ መጥረጊያ ልታነሳ ስትመለስ፣ ምንም ሥራ ሳይኖራትም ታልፋለች። ባለፈች ቁጥር መዳፏ ክዳኑ ላይ ነው። ቆጣሪው ሊሞላ ሲል እሷ ትደርሳለች። ሳሳሁለት ያለችውን እሷው ራሷ ያለ ዕረፍት ስታሽከረክረው ከርማለች።

«በቃ» አለች እጇን እየሰበሰበች፤ «በቃ፣ አባቴ።»

ለባንተይርጋ ነገረችው። «አገኘሁት። ጥፋቱ የኔው ነው። ሰላም እያልኩት ነው ያልተኛው።»

«እዚያ የተቀመጠው ሰው የቅርብዎ ነው?»

«ባሌ ነው።»

«ይተዉት ይተኛ፣ እትዬ። የትም አይሄድም፤ ይተኛል እንጂ።»

አስካለ ማረፊያ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። እግሯ ልማዱን እንዳያደርስ ፈርታ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ሥር ወረወረችው። ከዚያ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ቁጭ አለች። ንቡ ጥዝዝ ይላል። «አለህ?» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ስንት ጊዜ ተመለሰ! ከንፈሯን ነክሳ ቆየች። በመጨረሻ ዝማሬው ቀጠነ፤ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ሄደ። መርፌው ማረፊያው ላይ ሲቀመጥ ኮሽ አለ። ከዚያ ምንም።

«እንቅልፍ ወሰደው» አለች በሹክሹክታ፣ ሕፃን እንዳስተኛች ሴት።

ጥላውም መጣ። በመስኮቱ የምትታየው ሻማ ጠፋች። ረድፉ ተረፈ፤ ማንደፍሮም ተረፈ። አስካለ ግን ማለዳ ተነስታ የምትዞርበት የላትም። በጥላው ውስጥ አንዱንም መቀስቀስ ክልክል ነው። ተቀመጠች። ብርድ መግባቱን ያወቀችው ጣቶቿ ሲደነዝዙ ነው። ቀና ስትል መብራቱም ደብዝዟል፤ ይበልጥም እየደበዘዘ ነው።

«እምብርት፣ ምን ተበላሸ?»

«ምንም አልተበላሸም። የዝምታ ቆጣሪዎ ሞልቷል።»

«የኔ?»

«የእርስዎ። ቀድሞ ጠባቂ ሲንቀሳቀስ መብራት ይበራ ነበር። ብቻቸውን የሚኖሩ ጠባቂዎች ግን ሲንጎራደዱ እየዋሉ ባትሪ ጨረሱ። ስለዚህ አሁን የምቆጥረው የሚመጣላቸውን ጥያቄ ነው። ዛሬ ወደ እርስዎ የመጣ ጥያቄ የለም።»

አስካለ ጋቢዋን ተከናነበች። «ሌላ የሚፈልጉት አለ?» ይሏት የነበሩት ዲስኮች ትዝ አሏት። ለካ መብራቷም ሙቀቷም ያ ኖሯል! ማገዶ እንደሌለው ምድጃ ጭር ብላ፣ ጉልበቷን አቅፋ ጨለማው ውስጥ ቆየች።

ሬዲዮው ተንጫጫ።

«እትዬ አስካለ፣ እንዴት ነዎት?»

መብራቱ ቦግ አለ። ከግርጌ ያለው ማሞቂያ ማጉረምረም ጀመረ። አስካለ አምፖሉን ሽቅብ እያየች አፏን ከፍታ ቀረች።

«ደህና ነኝ» አለች። እጇም እንደ ልማዱ ሊዘጋ ወደ ሬዲዮው ሄደ፤ መንገድ ላይም ቆመ።

ያ ከብርድ ልብስ ሥር የሚወጣ ድምፅ! ዲስኮቹ ሰጥ ለጥ ብለው የተኙለት፣ የተመሰገነው ጠባቂ። ተቆጣጣሪዎቹ ትእዛዝ እንጂ ጥያቄ አይልኩም፤ ታዲያ እሱን ማን ይጠይቀዋል? እሱ በየማለዳው ጠይቋታል። እሷስ? «ደህና ነኝ»፣ «ዘይት አድርግበት»፣ «ተነስ»። መስታወት እንኳ ሰላም ሲሉት መልሶ ይጠይቃል። ሰላም ሳልል አላልፍም የምትለዋ አስካለ ስንት ማለዳ ይህን ሰው በዝምታ አልፋዋለች!

ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አንተስ፣ ባንተይርጋ? አንተስ እንዴት ነህ?»

ቀጥሎ በሬዲዮው ውስጥ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ ለረጅም ጊዜ ቆሞ የነበረ ማሞቂያ እየተንገጫገጨ ሲነሳ። ከዚያም የሰው ትንፋሽ።

«እትዬ…» አለ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ጥርት ብሎ ተሰማ። «እትዬ፣ እዚህ ብርሃን መጣ። ገጽታዬን ረስቼው ኖሯል፤ መስኮቱ ላይ እያየሁት ነው። ጺሜ እንዴት አድጓል!»

አስካለ በጋቢዋ ጫፍ ዓይኗን አበሰችና ወንበሯን ወደ ሬዲዮው አስጠጋች።

«ተው አሁን ስለ ጺምህ! ንገረኝ እስቲ፣ ያ ማጠፊያ ዛሬም ይጮኻል?»

«ይሰማዎታል? ቆይ ላሰማዎት።»

ተነስቶ በሩን ከፈተው፤ መልሶም ዘጋው። ያ ማጠፊያ በጥላው ውስጥ፣ በሁለቱ ጎተራዎች መሐል ባለው ባዶ ሁሉ ላይ እሪ አለ። አስካለ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። «ድገመው» አለችው።