ሁለተኛው ጉርሻ

የሻረግ ጣሊያን አገር፣ ቦሎኛ ከተማ ላይ ዓይኗን ስትገልጥ ቀኝ እግሯ አነከሰ። ያለፈው ተከራይ ጉልበቱን ጎድቶ የመለሰው ገላ ደርሷታል። «ውሰት ሲሉት እንዲህ ነው» ብላ አጉረመረመች። የገዛ ሥጋዋ ደብረ ማርቆስ፣ የጉዞ ቤቱ አልጋ ላይ፣ ከባሏ ከታፈሰ ጎን ተኝቷል። እዚህ የምትራመደው፣ የምታየውና የምትቀምሰው «ውሰት ገላ» በሚባለው ማሽን ነው። ዘንድሮ ለሽርሽር ብሎ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው የለም።

ጉዞው የሽማግሌዎች ሐሳብ ነበር። የሻረግ ትዳሩ በቃኝ ብላ ልብሷን ሸክፋለች። «አንድ ቀን ብቻ፣ ሰው በማያውቃችሁ አገር አብራችሁ ዋሉ፤ ስትመለሱ የምትዪውን እንቀበላለን» አሏት። ለወጉ ያህል እሺ አለች። መልሷን ግን ጨርሳ ነበር የመጣችው።

ታፈሰ በሌላ ውሰት ገላ ከጎኗ ቆሟል። መልኩ የማሽን ነው፣ ድምፁ ግን የራሱ። ከተማዋ መንገደኛን ከዝናብም ከፀሐይም የምትከልል ናት፤ ጎዳናዎቿ ግራና ቀኝ ጣሪያ ባለው በረንዳ ተያይዘዋል። የሻረግ እንደ ልማዷ ከኋላ ልትከተለው ስትል ክንዷን ያዛት።

«ቀስ በዪ፤ ድንጋዩ ያዳልጣል።»

ደነገጠች። ታፈሰ ዕድሜ ልኩን ከፊቷ እየቀደመ የሚሄድ ሰው ነው።

«አሞሃል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ» አለ፤ ክንዷንም አልለቀቀም።

የከተማዋን ሁለት የዘመሙ ማማዎች አዩ። ከዚያ ፊቱ እስከ ወገቡ በእብነ በረድ የተለበጠ፣ ከዚያ በላይ ግን ጡቡ እንደተራቆተ የቀረ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ደረሱ። ታፈሰ ግንበኛ ነው፤ የሰው ሥራ ሳያጥላላ አያልፍም። ትችቱን ስትጠብቅ «ሳይጨርሱትም ይጸልዩበታል» አለ። ግራ ገባት። ከከተማዋ ይልቅ እንግዳ የሆነባት እሱ ነበር።

ምሳ ላይ ጠፍጣፋ ፓስታ በሥጋ ስጎ ቀረበላቸው። ታፈሰ ሹካውን አስቀመጠና ፓስታውን በጣቶቹ ጠቅልሎ፣ ስጎው ወደ ክርኑ እየወረደ፣ ወደ አፏ ዘረጋ። አስተናጋጁ ሳህን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። የሻረግ ጎረሰች። ከሠርጋቸው ወዲህ አጉርሷት አያውቅም። ማልቀስ አማራት፤ ውሰት ገላ ግን እንባ የለውም።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለና ሁለተኛውን ጠቀለለ። እጁ ግን መንገድ ላይ ቆመ። የዓይኖቹ ብርሃን ጠፋ።

ደብረ ማርቆስ ላይ ቀስቅሰዋት ስትነቃ የጉዞ ቤቱ ባለሙያ ሐያት አጠገቧ ቆማ ነበር።

«እትዬ የሻረግ፣ ይቅርታ። የጋሼ ታፈሰ መስመር ገና እንደተነሣችሁ ተቋርጦ ነበር። አብሮዎት የዋለው ገላው ብቻውን ነው። አሁን ደግሞ ባትሪው አለቀ።»

«ብቻውን? ታዲያ ማነው ያጎረሰኝ?»

«መስመር ሲጠፋ ገላው ከሰውየው ውስጥ የቀዳውን ይዞ ይቀጥላል፤ እሳቸው የሚመኙትን ያደርጋል። ማሽን ይሉኝታ የለውም እኮ። ሰው ምን ይለኛል ብሎ መተው አያውቅም።»

ታፈሰ አልጋው ጫፍ ላይ አቀርቅሮ ተቀምጧል። ቀኑን ሙሉ የተዋሰውን ገላ በስክሪን ሲያይ ነው የዋለው።

«እርስዎን እንቀስቅስ ስንል፣ ጋሼ ታፈሰ ተዉአት አሉን» አለች ሐያት።

የሻረግ ተናደደች፤ ወዲያው ደግሞ ምኑ እንዳናደዳት ጠፋባት። ይህን ሁሉ ዓመት ያ ሰው የት ተደብቆ ነበር? አሁንስ የትኛውን ነው የምትፈታው?

«ሁለተኛው ቀርቶብኛል» አለችው።

ለነቁ ተጓዦች የሚቀርብ ዳቦና ማር ጠረጴዛው ላይ ነበር። ታፈሰ ቆርሶ አጠቀሰና ሐያትን አየት አደረጋት። «ሰው እያየ?» አለ በሹክሹክታ። እጁም ልክ እንደ ማሽኑ እጅ መንገድ ላይ ቆመ። ሐያት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እጁ ግን ፈቀቅ አላለም። ማሩ በጣቶቹ መካከል ይንጠባጠብ ነበር።

የሻረግ ጎንበስ ብላ ራሷ ጎረሰችው።

ውጭ ሲጠብቁ የነበሩት ሽማግሌዎች በሩን ከፍተው «እህስ፣ ምን ወሰንሽ?» ሲሏት አፏ ሙሉ ነበር።