ቀላሉ ምላጭ

አዛውንቱ አዳኝ በሳሎናቸው ወለል ላይ በደረታቸው ተደፍተዋል። ጠመንጃቸው ከጎናቸው ወድቋል፤ ውስጡ ባዶ ቀለህ አለ። ለፖሊሶቹ ነገሩ ያለቀለት ነበር፤ ግድግዳ የተደገፈ ጠመንጃ ወደቀ፣ ባረቀ፣ ሰው ገደለ።

ያለቀለት ነገር ግን መርማሪዋን ያሳክካታል። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ከኋላዋ ነው ታዲያ፣ ፊት ለፊት የሚደፍር የለም።

ቤቱን ዞረች። አንድ ሰሃን፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ ማንኪያ። ከራሷ ቤት ጋር መመሳሰሉ አልተመቻትም።

የሟቹ የወንድም ልጅ በር ላይ ቆሞ ይጮሃል። «ጠመንጃ ጠጋኟ ናት የገደለችው! ምላጩን አቅልላ አቅልላ፣ ሲያስነጥሱበት የሚተኩስ አደረገችው። ሱቋ መታሸጉ አይበቃም፣ ትታሰር!»

«የምላጩን ነገር ማን ነገረህ?»

«የአደን ጓደኛው ናቸዋ፤ ጠዋት ሬሳውን ያገኙት።»

«አጎትህን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ኑሮ እኮ... ታውቂያለሽ...»

«መቼ?»

«አምና።»

«አቤት ፍቅር!» አለችና ወጣች።

ጠጋኟን ከታሸገው ሱቋ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት።

«አዲሱን ምላጭ የገጠምሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ቀላል ነው፤ ግን ቢወድቅም እንዳይባርቅ አድርጌ ነው ያሰርኩት። የምላጩ ማስተካከያ ብሎን ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ አድርጌበታለሁ፤ ሰው ከነካካው ይሰነጠቃል። ግን ማን ይሰማኛል?»

«ለመሆኑ ያስፈልጋቸው ነበር?»

«ምን ሲደረግ! ጋሼ የሚያድኑት ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ፣ ድንጋይ በሚደርስበት ርቀት ነው። የድሮው ጠመንጃና ጥይታቸው ከበቂ በላይ ነው። ትልቁ የማነጣጠሪያ መነጽር ሸክም ነው፣ ቀላሉ ሰደፍ ትከሻ ይመታል ብዬ ለምኛቸዋለሁ። ‹ግጠሚ እንጂ ምን አገባሽ!› ይሉኝና ወንበር ስበው እስክዘጋ ያወራሉ።»

«እንደሳቸው ያለ ጠመንጃ ሌላ ማን አለው?»

«ጓደኛቸው ብቻ። ትልቅ ጥይት የሚተኩስ ሊገዙ ሲሉ፣ ‹አንድ ዓይነት ይሁን፣ ጥይት እንጋራለን› ብለው ያስገዟቸው ጋሼ ናቸው።»

ጓደኛየውን ቤታቸው ስታገኛቸው ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። «ያን ምላጭ ተው ብዬዋለሁ፣ የኔ ልጅ። ባለፈው ሳምንት እንኳ በጣቴ ነካ ባደርገው ቀጭ አለ።»

መርፌ ወደ ሟቹ ቤት ተመልሳ መሳቢያዎቹን ከፈተች። ትልቁ መነጽር፣ ቀላሉ ሰደፍ፣ የተገጠመው ሁሉ ተፈትቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ የወራት አቧራ ለብሷል። ሰውየው ዕቃ አልነበረም የሚገዙት፤ ከሰው ጋር የሚቀመጡበት ከሰዓት ነበር። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አውጥታ ቆጠረች። ከተፈታው መሃል አንድ ነገር ብቻ ጎድሏል፤ ምላጩ።

በማግስቱ ሦስቱንም እዚያው ሳሎን ሰበሰበቻቸው። የሟቹን ባዶ ጠመንጃ አቀባብላ ለቀቀችው። ወለሉን መታ። ምንም። ደገመችው። ምንም።

«ሳበው እስቲ» አለችና ለወንድም ልጅ ሰጠችው። ጥርሱን ነክሶ ሳበ።

«ይሄማ ድንጋይ ነው!»

«የድሮው ምላጭ ነው። አጎትህ አዲሱን ከወራት በፊት ራሳቸው ፈትተው አውጥተውታል። አፈሙዙንም አሽትተው፤ ዘይት እንጂ ባሩድ የለም። ይህ ጠመንጃ አልተኮሰም።»

«ታዲያ ቀለሁ?»

«ከሌላ ጠመንጃ ወጥቶ የገባ ነው። ይህንኑ ጥይት የሚጎርስ፣ የጠፋውም ምላጭ የሚገጥምለት ጠመንጃ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።» ወደ ጓደኛየው ዞረች። «ባለፈው ሳምንት ቀጭ ያለው የራስዎ ጠመንጃ ነው፤ የሳቸው ሊሆን አይችልም። ምላጩን ሰጥተውዎታል።»

ፖሊስ ከቤታቸው ያመጣውን ጠመንጃ ገለጠችው። ብሎኑ ላይ ያለው ቀይ ቀለም ለሁለት ተሰንጥቋል።

«ካቻቢቴ ገብቶበታል!» ጠጋኟ ብድግ አለች። «የኔ እጅ አይደለም!»

«ትንሽ ላላ ላድርገው ብዬ...» አሉ ጓደኛየው። «ከአደን ስንመለስ ጥይቱን አላወጣሁም ነበር። ግድግዳ ሳስደግፈው ተንሸራተተ። ወንድሜን ልገድል አይደለም!»

«ይህን አምንዎታለሁ። ጠመንጃ ይባርቃል። ቀለህ አውጥቶ በሟች ጠመንጃ መክተት፣ ከዚያ በዚህች ልጅ ማሳበብ ግን አይባርቅም።» ለፖሊሱ ምልክት ሰጠችው። «የሱቋን እሽግ ዛሬውኑ አንሱላት።»

ጠጋኟ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። መርፌ ግን አልጨረሰችም።

«ወዲያው ነው የሞቱት?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«ጋሼ፣ ወዲያው ነው ወይ?»

«ልሄድ በሩን ስከፍት... ጠራኝ።»

«ምን አሉዎት?»

ሽማግሌው ወለሉን እያዩ እንደ ሕፃን መንሰቅሰቅ ጀመሩ።

«‹አይዞህ› አለኝ። ‹ምንም አይደለም። አንተ ብቻ አትሂድብኝ።›»