ነጩ በትር

በእመቤቴ ማርያም እምላለሁ፣ ይህ የሆነ ነገር ነው። የጀመረውም በጠራራ ፀሐይ፣ በምሳ ሰዓት፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ ነው። ጨለማ አሳስቷት ነው እንዳትሉኝ...

ባሌ ጀርቬዝ የሎርድ ፉልክ ቤት አዛዥ ነበር። እኛ ዘንድ ጌታ ሲሞት አዛዡ ነጩን የሹመት በትሩን ሰብሮ መቃብሩ ውስጥ ይጥላል። አገልግሎቴ አበቃ ማለት ነው።

ሎርድ ፉልክ ሲሞቱ ግን ጀርቬዝን በትሩ አሳሳው። እጀታው የዝሆን ጥርስ ነው። ተራ ዱላ ነጭ ቀለም ቀባና ያንን ሰብሮ መቃብሩ ውስጥ ጣለ።

ከእኔ በቀር ማንም አላወቀም...

በማግስቱ ልጃቸው፣ ወጣቱ ጌታ፣ ለምሳ ተቀመጠ። የአባቱ ወንበር ለሐዘኑ ባዶ ተትቷል። ጀርቬዝ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የእጅ ውሃና ሳህን ይዞ ገባ።

ወጣቱን አልፎት ሄደ።

ባዶው ወንበር ፊት ጎንበስ ብሎ ውሃውን አፈሰሰ።

"አዛዡ ከጠዋት ጀምሮ ነው እንዴ የጠጣው?" አለ አንዱ። አዳራሹ ሳቀ።

እኔ ግን ሳህኑን አየሁት። የተጠራቀመው ውሃ ጭቃ ነበር...

ጎትቼ ጓዳ አስገባሁት።

"ምን ነካህ አንተ?"

"ጌታዬ ጠሩኝ።"

"ሞተዋል እኮ።"

"አላሰናበቱኝም፣ አቪስ..."

እጁን ያዝኩት። በረዶ ነው። ጥፍሩ ውስጥ አፈር ገብቷል። ፈራሁ።

"በትሩን ስበረው። አሁኑኑ።"

ጉልበቱ ላይ አድርጎ ታገለው። በትሩ አልሰበር አለ። እሳት ውስጥ ጨመርኩት። አልነደደም።

ወጣቱ ጌታ እግር ላይ ወደቅኩ። "ጌታዬ፣ መቃብሩ ይከፈትና በትሩ ይግባ። ባሌን ያትርፉልኝ።"

"ለአንድ ዱላ ብዬ የአባቴን መቃብር ላስከፍት?" አለኝ ዳቦውን እየቆረሰ። "አዛዥ እንደሆነ ሞልቷል።"

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባል የለ። ለእኛ ንጉሣችን እሱ ነው። ተነሥቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ምሳ ሲደርስ ጀርቬዝ የለም። በትሩም የለም።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ...

ሟቹ በሕይወት ሳሉ ያሠሩት የድንጋይ ምስላቸው መቃብሩ ላይ ተጋድሟል። እግራቸው ስር የድንጋይ ውሻ ነበር። አሁን ውሻው የለም።

በውሻው ቦታ የድንጋይ ሰው ተንበርክኳል። ትከሻው ላይ ፎጣ፣ እጁ ላይ ሳህን። ቅንድቡ ላይ የባሌ ጠባሳ አለ።

ስሙን ጠራሁት። ደጋግሜ ጠራሁት...

ይኸው እስከ ዛሬ ምሳ ባለፈ ቁጥር እሄዳለሁ። ያን የድንጋይ ፎጣ እዳስሰዋለሁ።

ሁልጊዜ እርጥብ ነው።