ሐፍሳ ያነበበችው ገጽ

ይህ የደረሰው በእኔ በራሂማ ላይ ነው። ሰምቼ አይደለም... ከሰው ተቀብዬም አይደለም።

ማመን ያቃተው አይመን። እኔም ባይደርስብኝ ኖሮ አላምንም ነበር።

ቦታው ባሕር ዳር ነው። ከሆቴሎቹ አለፍ ብሎ፣ አባቴ አብዱልሃኪም ደንገል እያሰረ ታንኳ የሚሠራበት የጣና ዳርቻ። ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት አካባቢ። ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። ከአስፋልቱ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር የሚመጣው በጨለማ ነው ያላችሁ ሰው ካለ... አታሏችኋል።

የንባብ ቡድን ነበረን። እሁድ እሁድ አባቴ ዋርካ ሥር ተቀምጠን ስላነበብነው እንጨዋወታለን። ያን ሰሞን የያዝነው አንድ ወፍራም የግድያ ልብ ወለድ ነው። አንድ ነጋዴ አለ፣ ሚስቱ አለች፣ የሚስቱ ጓደኛ አለች። ጓደኛዋ ሐይቅ ውስጥ ሞታ ትገኛለች። ማን ገደላት? ጨዋታው ይኸው ነው።

መጽሐፉ ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር የእኔን ፎቶ ኮፒ አስነስቼ ለሁሉም አደልኩ። ማሽኑ አጠገብ ቆሜ፣ ገጹን አንድ በአንድ የገለጥኩት እኔው ነኝ። ይህችን ያዙልኝ።

በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ነው የምናነበው። ቀድሞ ሮጦ ያነበበ ለሁሉም ሻይ ይጋብዛል።

«ኧረ ይኼ ደራሲስ ሰው ለመግደል አልቸኮለም» ይላል ጥዑመ ልሳን። ከደሴቶቹ በአንዱ የሚያገለግል ዲያቆን ነው፤ ቅኔ ቤት ያደገ፣ ነገር የሚጥመው ሰው። «እስካሁን ያነበብሁት ሲጠራሩና ሻይ ሲጠጡ ነው። ገዳዩ ሳይያዝ እኔ ልሸብት ነው።»

ወለተ ኪዳን ትስቅበታለች። ነርስ ናት። እሷ ደግሞ ዝግታውን ትወደዋለች።

«ሰው ሲጠላላ እንዲህ ነው እኮ። ቀስ ብሎ ነው። እኔን የቸገረኝ ማን የማን እንደሆነ ነው። ባልየው ከዚያችኛዋ ጋር፣ ያችኛዋ ከወንድምየው ጋር... የተተበተበ መረብ ነው። አንዱን ስፈታ ሌላው ይቋጠርብኛል።»

ባሌ መስዑድ ወንዛዬ ከሚባል ገጠር የመጣ ሰው ነው። መጽሐፍ እጁ ላይ አይቼ አላውቅም ነበር። አንድ እሁድ ግን ወደ ዋርካው ስደርስ ቀድሞኝ ተቀምጦ አገኘሁት። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል።

ደስ አለኝ። ባል ሳይለመን እንዲህ ሲያደርግ ምን ይጠየቃል?

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ «አባባን ልያቸው» ብሎ ከቤት ቀድሞኝ ይወጣል። ስደርስ ዋርካው ሥር ነው።

ከዚያ ሐፍሳ መጣች።

ስደርስ ከመስዑድ አጠገብ ተቀምጣለች። በእኔ ቦታ።

«ሐፍሳ እባላለሁ። ከአንበሳሜ ነኝ» አለችኝ። ለስላሳ ድምፅ ነው ያላት። እጇ ላይ ፎቶ ኮፒ አለ። እኔ አልሰጠኋትም። ታዲያ ማን ሰጣት? ባሌ ነዋ... ሌላ ማን ይሰጣታል?

ስለ መጽሐፉ አስተያየቷን ተናገረች። ምን እንዳለች አላስታውስም። የማስታውሰው የመስዑድን ፊት ነው። አንገቱን ዘንበል፣ አፉን ከፈት አድርጎ ይሰማታል። እኔ ሳወራው ስልኩን የሚነካካ ሰውዬ።

ቀናሁ። ምን ልደብቃችሁ? ቤቴ ገብቼ እራት አልወርድ አለኝ።

የባሰው ደግሞ ቤት ውስጥ ስሟን አንስቶ አለማወቁ ነው። ሰው ምንም የሌለበትን ነገር እንደልቡ ያወራል። የማያነሳው የደበቀውን ነው።

አንድ እሁድ አመሻሽ ላይ ጭራሽ «እንዴት ነበር ውይይታችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ትክ ብዬ አየሁት። «አንተ ነህ የምትጠይቀኝ?»

«ምን አጠፋሁ?» አለ።

እያሾፈብኝ መሰለኝ። ጀርባዬን ሰጠሁት።

በሚቀጥለው እሁድ ወለተ ኪዳን ወረቀቷን አጥፋ «እስካሁን ካነበብነው ልባችሁ ውስጥ የቀረው የቱ ነው?» አለች።

ሐፍሳ አልተቻኮለችም። ገጽም አልገለጠችም።

«ሚስትየው የባሏን ሸሚዝ ያሸተተችበት» አለች።

«እሱስ እውነት ነው» አለ ጥዑመ ልሳን።

«ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ ታሸተዋለች። የሌላ ሴት ሽታ የለውም። ግን ሁለት ጊዜ ታጥበዋለች። ምንም ማጣቷ ነው የበለጠ ያናደዳት።»

መጽሐፌን ከደንኩ።

እንዲህ የሚል ቦታ አላነበብኩም... ሐሙስ ዕለት ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ። ብቻዬን። የጓሮውን በር ዘግቼ።

«የት ላይ ነው?» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ነዋ» አለች ወለተ ኪዳን። «አንቺ ደግሞ እያንቀላፋሽ ነው እንዴ የምታነቢ?»

ወረቀቷን ተቀበልኳት።

አለ።

ሸሚዙ አለ። ሳፋው አለ። ሳፋው ሰማያዊ መሆኑ ሳይቀር አለ።

የእኔን መጽሐፍ ገለጥኩ። ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ነጋዴው ከወንድሙ ጋር ስለ መጋዘን ይጨቃጨቃል። ሸሚዝ የሚባል ነገር የለም።

የእነሱ ወረቀት የተነሳው ከዚህ መጽሐፍ ነው። ገጹን የገለጥኩት እኔ ነኝ።

ቀና ስል ሐፍሳ ታየኛለች። አትስቅም። አትቆጣም። ዓይኗ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል... ይመለስና... እንደገና ከግራ ወደ ቀኝ።

ከዚያ ወዲያ በየእሁዱ እንዲሁ ሆነ። እኔ ቤቴ የማደርገውን እነሱ ዋርካው ሥር ይተቹታል።

መስዑድ ሲታጠብ ስልኩን ፈተሽኩ። ምንም አላገኘሁም። እሁድ ሲደርስ ወለተ ኪዳን «ስልኩን ፈትሻ ምንም ሳታገኝ ቁጭ ብላ ስታለቅስ... ያኔ ነው እኔስ የፈራኋት» አለች።

«ምስኪን ናት» አለ ጥዑመ ልሳን። «የጨነቃት ናት።»

«ምስኪንስ አይደለችም። ደራሲው ቀስ እያለ እያበሰላት ነው። ይችን ሴት ጠብቁ።»

ምን ልበል? ያቺ ሴት እኔ ነኝ ልበል?

መስዑድ ግን ወረቀቱን እያየ፣ ቀስ ብሎ፣ «ታሳዝነኛለች» አለ። «ብትጠይቀው ይነግራት ነበር።»

ለእኔ እንዲህ በርኅራኄ ተናግሮ አያውቅም። ወረቀት ላይ ላለች ሴት ነው እንዲህ የሚለሰልሰው። በእሷም ቀናሁ። በራሴ ቀናሁ ማለት ነው እንግዲህ፤ ቅናት ሲይዝ እንዲህ ያጃጅላል።

ያን ዕለት ቤት እንደገባን ጠየቅኩት። በራሱ አፍ ጠይቂ ብሏል አይደል?

«ሐፍሳን ትወዳታለህ?»

ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። «ማንን?»

«ሐፍሳን።»

«ራሂማ...» አለ ዝግ ብሎ። «ሐፍሳ ማን ናት?»

መስዑድ ሲዋሽ ዓይኑን ያርገበግባል። ያን ዕለት አላርገበገበም። ይህን የሚያህል ውሸት ከየት ተማረው ብዬ ሌሊቱን በሙሉ ጣሪያ ሳይ አነጋሁ።

የመጨረሻው እሁድ መጣ። መጽሐፉ የሚያልቅበት ቀን ስለነበር ከወትሮው ቀደም ብለን ተገናኘን።

አባቴ አልነበረም። አዲሱ ታንኳ ዋርካውን ተደግፎ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ታንኳ ወግ አለው፤ ከውኃ እንደወጣ ቆሞ ካልደረቀ ውኃ ይጠጣል። ሌላ አሮጌ ታንኳ ደግሞ ዳሩ ላይ ታስሮ ተንሳፏል። አባቴ ሊያፈርሰው የተወው ነው። ላዩ ደህና ይመስላል፣ ሆዱ ግን በስብሷል። ሰው ቢቀመጥበት ጥልቁ ድረስ እሺ ብሎ ይሄዳል። ከዚያ በጎኑ ይገለበጣል። የሐይቅ ዳር ልጅ ይህን ከእናቷ ጡት ጋር ነው የምታውቀው።

ከመስጊዱ የአሱር አዛን ተሰማ።

መስዑድ አልተነሳም። ሰላት የማያሳልፍ ሰው፣ እንዳልሰማ ሆኖ፣ ወደ ሐፍሳ እንዳዘነበለ ቀረ።

ለእሷ ሲል አላህንም ረሳ አልኩ በልቤ። ዓይኔ ደም ለበሰ።

«እንግዲህ» አለ ጥዑመ ልሳን፣ «ገዳይዋ ታወቀች።»

«ወንድምየው ነው እኮ» አልኩ። የእኔ መጽሐፍ እንደዚያ ነው የሚለው።

ሁሉም ተያዩ።

«ሚስትየው ናት» አለች ወለተ ኪዳን፣ ለበሽተኛ እንደሚነገር በቀስታ።

«በምን ገደለቻት?»

መልሱን የሰጠችኝ ሐፍሳ ናት። «በዝምታ። ጓደኛዋ ታንኳ ልትሞክር ተነሳች። ሚስትየው ታንኳው ውኃ እንደጠጣ ታውቃለች። አንድ ቃል ብትናገር ትድን ነበር። አልተናገረችም።»

«ከመጽሐፉ ሁሉ የተዋጣለት እሱ ነው» አለ ጥዑመ ልሳን። «ዝምታዋን ብቻ ገጽ በገጽ ይጽፈዋል። በዝግታው ያማሁትን ሁሉ ይቅር አልሁት።»

ሐፍሳ ብድግ አለች። ጫማዋን አወለቀች።

«እስኪ እኔም ልሞክረው» አለች።

የቆመውን ታንኳ አልፋ ወደ አሮጌው ሄደች። ሐይቅ የሌለበት የአንበሳሜ ልጅ ናት፤ ታንኳ ማለት ለእሷ ውኃ ላይ ያለው ነው። ገመዱን ፈታች። ተቀመጠች። መቅዘፊያውን አነሳች።

የሚያያት አልነበረም... ሁሉም የሚያዩት እኔን ነው።

ወረቀታቸው ጉልበታቸው ላይ ተከፍቷል። እኔን ያያሉ፣ ዝቅ ብለው ገጹን ያያሉ፣ መልሰው እኔን ያያሉ።

ታንኳው ከዳሩ ራቀ። ጎኑ ዝቅ ብሏል።

ዝም ብልስ? ማን ያውቅብኛል? እሷ ትሄዳለች፣ ባሌ ለእኔ ይቀራል። ይህን አሰብኩ። አሰብኩ ብቻ ሳይሆን ጣመኝ። ጣዕሙ ምላሴ ላይ ሲመጣ ነው የደነገጥኩት።

«ሐፍሳ፣ ተመለሺ! ታንኳው ውኃ ጠጥቷል!»

ቀሚሴን ሳልሰበስብ ውኃው ውስጥ ገባሁ። እስከ ደረቴ ድረስ ሄጄ የታንኳውን ጫፍ ያዝኩና ጎትቼ አወጣኋት። ቀሚሷ ብቻ ነው የረጠበው። ዳሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ሊረዳኝ የመጣ የለም።

ጥዑመ ልሳን ግንባሩን ቋጥሮ ወረቀቱን ያያል። «እንዲህ አይልም» አለ።

«ዝም ነው የምትለው» አለች ወለተ ኪዳን በሹክሹክታ። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋለች። «እዚህ ጋ... ዝም ነው የምትለው።»

ሐፍሳ ቀሚሷ እየተንጠባጠበ ተመልሳ ተቀመጠችና ወረቀቷን አንስታ ካቆመችበት ትፈልግ ጀመር።

ያኔ መስዑድ ተነሳ።

ወደ እሷ አይደለም። በአጠገቧ አልፎ ወደ እኔ መጣ። እጄን ያዘኝ። ስንት ወር እጄን ሳይዘኝ ቆይቷል። ትከሻው ላይ ጭንቅላቴን ጣል አደረግኩ፣ አልገፋኝም።

አፉን ጆሮዬ ላይ አድርጎ «ከእንግዲህ የአንቺ ብቻ ነኝ» አለኝ።

ይህችን ቃል ምን ያህል እንደተራብኳት አላህ ያውቃል። እርጥብ ልብሴን ረሳሁ። ሐፍሳን ረሳሁ። እጁን በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩት።

«ራሂማ» የሚል ድምፅ ከመንገዱ በኩል መጣ። አባቴ ነው። ከመስጊድ እየተመለሰ ነው። «ነይማ ተቀበይን። ጉልበቴ እምቢ አለኝ ዛሬ። ሌላ እሁድ የመስጊዱን የቁርኣን ደርስ ሳይጨርስ የማይነሳ ልጅ፣ ለኔ ሲል አቋርጦ ባይደግፈኝ እዚያው ቀርቼ ነበር። አላህ ይስጥሽ፣ ባል አግኝተሻል።»

ቀና አልኩ።

አባቴን በብብቱ ደግፎት የሚመጣው መስዑድ ነው። ለሰላት ሲታጠብ የውዱእ ውኃ እንዳይነካው የሰበሰበው እጅጌው ገና አልወረደም። ከሩቅ ሲያየኝ ፈገግ አለ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ጎኔ ሄደ... ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ራሂማ» አለኝ። «ማን ነው?»

ወደ ጎኔ አልዞርኩም።

እጄ ውስጥ ያለው እጅ ጣቶቹን በጣቶቼ መሀል አንድ በአንድ አስገባና... ቀስ ብሎ... ጠበቅ አደረገኝ።